ጥቁር የጎረሱ ነጭ ሴሎች

ጋሼ ሌንጂሳ ማረፋቸውን የሰማሁት በክሊኒኩ ስልክ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶታል፣ እኔ የአንዲት ሕፃን ጣት ይዤ ደም ልወስድ እያባበልኳት ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ከዚያ ማዶ "አሰገደች፣ ስልክ!" ብላ ጮኸች። ሥራ ላይ ሳለሁ ሲጠሩኝ ደሜ እንደሚፈላ ሰው ሁሉ ያውቃል። "ሥራ ላይ ናት በያቸው!" ብዬ መለስኩላት። "የአቶ ሌንጂሳ አከራይ ነኝ ነው የሚሉት" አለችኝ። የሕፃኗን ጣት ለቀቅኩት።

አከራያቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ግቢ ያላቸው ሴት ናቸው። "ልጄ፣ ሰውየው አርፈዋል" አሉኝ። "በራቸው ሳይከፈት ሁለት ቀን ሆነው። ቢጨንቀኝ ጎረቤት ጠርቼ አስሰበርኩት። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ተኝተው ነው የሄዱት። ዘመድ የሚባል መጥቶ አይቼ አላውቅም። ግድግዳቸው ላይ ያንቺ ስምና ይሄ ስልክ ተጽፎ ስላገኘሁ ነው የደወልኩት።"

ሁለት ቀን! በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ ታክሲው እየጮኸ፣ ነጋዴው አስፋልቱን ሞልቶ፣ ሰው ሁለት ቀን ሞቶ ይተኛል? "እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁና ወደ ሕፃኗ ተመለስኩ። ጣቷን ወጋሁ፣ ደሟን ስላይድ በሚባለው ትንሽ የመስታወት ቁራጭ ላይ አነጠብኩ። እናቷ "ምነው፣ አንቺ ነሽ የተወጋሽው እንዴ?" አለችኝ። ለካ እያለቀስኩ ነበር።

እኔና ጋሼ ሌንጂሳ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ተጋርተን ስምንት ዓመት ሠርተናል። ክሊኒኩ ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ላቦራቶሪ ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ዱካ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ ቲማቲም የተሸከሙ ኩሊዎች "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ ሲያልፉ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ስለሆነ ጩኸቱ አይሰማኝም። እሳቸው ግን በየቀኑ አንድ ጊዜ "እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚደክማቸው?" ይሉ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። አንገታቸው ወደ ፊት ያጋደለ ነው፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሱ ምን ይሁን? ማይክሮስኮፑ ባለ አንድ ዓይን ስለነበር ሰውም ሲያናግሩ ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በቀኙ ብቻ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እንደዚያ ሲያዩኝ የጠቀሱኝ መስሎኝ ኮስተር አልኩ። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ "ጋሼ፣ እኔ ስላይድ አይደለሁም፤ በሁለቱም ይዩኝ" አልኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ይሉኛል፣ እኔ "ፋያ!" እላለሁ፣ አባባሌን ሰምተው "አይ አራዳ!" ይላሉ። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ ያቺን የጠዋት ሰላምታ ብቻ ነው። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ቆላ ውስጥ በሚገኝ የሚሲዮን ሆስፒታል ነው።

ወባ የሚታየው እንዲህ ነው። ደሙን ስላይዱ ላይ አድርቀን ጊምሳ በሚባል ቀለም እንነክረዋለን፤ ከዚያ ወባዋ ሐምራዊና ሰማያዊ ሆና ትታያለች። ቀለሙ ሲቆይ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ስላይዱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። ስለዚህ አልፎ አልፎ በወረቀት ማጥለል ያስፈልጋል። በሳምንት አንዴ ከተጠለለ በቂ ነው። ጋሼ ሌንጂሳ ግን በየቀኑ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ያጠሉት ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ቆመው ይጠብቁታል። ሰው በሩን ቢያንኳኳ አይከፍቱም። "ጋሼ፣ ጠጅ እየጣሉ ነው እንዴ?" እላቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቀልድ አይወዱም።

ሌላው ነገራቸው ጥራጥሬው ነው። ነጭ የደም ሴሎች ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ መቶ እስኪሞላ እየለዩ መቁጠር ያስፈልጋል። መቁጠሪያው ማሽን ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ይጠገንልን ባልን ቁጥር "ጥያቄ ቀርቧል" ነው መልሱ። እሳቸው ሦስት ጣሳ አመጡና አንዱን ስንዴ፣ አንዱን ምስር፣ አንዱን ባቄላ ሞሉት። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ በብዛት ላሉት ተራ ነጭ ሴሎች ስንዴ፣ ትንንሾቹን ሊምፎሳይቶች ሲያዩ ምስር፣ ትልልቆቹን ሞኖሳይቶች ሲያዩ ባቄላ እያነሱ ሳህን ላይ ይጥላሉ። መቶ ሲሞላ ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉታል፤ እኔ እለያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን "ዛሬ ምሳ ንፍሮ ነው?" እያልኩ አስቅባቸው ነበር። እያደር ግን ሳህኑን አይቼ በሽተኛውን ማወቅ ጀመርኩ። ምስሩ አንሶ ባቄላው ሲበዛ "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ቆላ ወርዷል" እላለሁ። "ጎበዝ" ይላሉ።

ነጮቹን እንደ ሰፈር ሰው ነበር የሚያውቋቸው። "ወባ ቀዩ ሴል ውስጥ ተደብቃ ትበላለች" አሉኝ አንድ ቀን። "የበላችበት ተረፏ ጥላሸት የመሰለ ፍርፋሪ ነው። ቀዩ ሴል ሲፈነዳ ፍርፋሪው ደም ውስጥ ይበተናል። ትልቁ ነጭ፣ ሞኖሳይቱ፣ ይመጣና ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ወባዋን ይፈጫታል፤ ያንን ጥቁር ነገር ግን መፍጨት አይችልም። ሆዱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ከብዶት ሥራውንም በወጉ አይሠራም።"

"ምስሮቹስ የት ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"ከደም ሥር ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ይሞታሉ፣ ብዙዎቹ ግን ጣፊያ ውስጥ ተሰብስበዋል።"

"ስብሰባ ተጠርተው ነዋ!" አልኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ስብሰባ ያልተጠራ ፍጡር አልነበረም፤ የቀበሌ፣ የሴቶች ማኅበር፣ የውይይት ክበብ። ጋሼ ሌንጂሳ መጀመሪያ በሩን ገልመጥ አድርገው አዩ፣ ከዚያ አፋቸውን በጋዋናቸው ይዘው ሳቁ። እንደዚያ ሆነን ነበር የምንስቀው፤ በር እያየን።

ደጋግመው የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። ስላይድ አይቼ "ምንም የለም" ስል "ወባዋን ካጣሻት የበላትን ፈልጊ" ይሉኛል። ክኒን የወሰደ ሰው ወባው ከደሙ ሊጠፋ፣ ወይም ውስጥ አካሉ ሊደበቅ ይችላል፤ ነጩ ሴል የጎረሰው ጥቁር ግን ለቀናት አብሮት ይቆያል። ይሄንን የሚያይ ሌላ ሰው በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። የምንሞላው ቅጽ ላይም ቦታ የለውም። ቅጹ የሚለው "ታየ" ወይም "አልታየም" ነው።

ብቸኛ ነበሩ፤ ይሄን ሳላለሳልስ ልናገር። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል። ጴንጤ ናቸው ተብሎ ሠራተኛው ይሸሻቸው ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቧቸውን እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆመው ይበላሉ። ሲሠሩ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፣ ዜማው ብቻ ነው እንጂ ቃል የለውም። ሰው ሲገባ ያቆማሉ፣ ሲወጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ልጅ የላቸውም። እሑድ እሑድ ምን እንደሚሠሩ ጠይቄያቸው "ቸርችልን እስከ ታች እወርድና እመለሳለሁ" አሉኝ። ከማን ጋር ብዬ አልጠየቅኩም።

ቀለሙን ለምን በየቀኑ እንደሚያጠሉት የነገሩኝ በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ በሽተኛውን ሁሉ አባሮልን ብቻችንን ተቀምጠናል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና "አሁን ይሄ ቀለም ባይጠለል ማን ይሞታል?" አልኳቸው።

"ጫልቱ" አሉ።

ጫልቱ ሚስታቸው ነበረች። ቆላው ሆስፒታል ሳሉ ታመመችባቸው። እቤት የነበረ የወባ ክኒን ሁለት ቀን ከዋጠች በኋላ ነው መታመሟን የነገረቻቸው። ደሟን ወስደው ራሳቸው አነበቡት። ወባ የለም። ነጮቹ ውስጥ ግን ጥቁር ጥቁር ነገር አለ። "የቀለሙ ዝቃጭ ነው አልኩ" አሉኝ። "አፈርኩ። የገዛ ሚስቴን ስላይድ በቆሸሸ ቀለም ነክሬ! ሄጄ ቀለሙን አጠለልኩና ስላይዱን ጣልኩት። ለሐኪሙ 'ወባ አይደለም' አልኩት። በሌላ በሽታ ያክማት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሞተች።" ቀጥለው ቀስ ብለው "አይቼው ነበር እኮ፣ አሰገደች። አይቼው ነበር" አሉ።

ምን ይባላል? ሰው ሲሞት "ነፍስ ይማር" ይባላል፤ ለዚህ ግን ምን ይባላል? ተነስቼ የሌለ ስላይድ ማጠብ ጀመርኩ።

እንግዲህ ወደ አንድ መምህር ጉዳይ ልምጣ። ሰፈራው በተጧጧፈበት ዓመት ነው። ከደጋ የመጣ ሕዝብ ቆላ እየሰፈረ፣ አብረው እንዲሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች በተራ ይመደባሉ። ጋሼ ሌንጂሳ ጋዜጣውን እያነበቡ "የነዚህ ሰዎች ሊምፎሳይት ወባን አይቶ አያውቅም" ብለው ያዝናሉ። "የቆላ ሰው እንኳ ዓመታት ደጋ ከተቀመጠ ደሙ ይረሳታል።"

ዳዊት የሚባል ወጣት መምህር ከዚያ ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ታመመ። ሁለት ሰው ደግፎት ገባ፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ በሞቃት ቀን ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ጣቱን ስወጋው አልተሰማውም። "የወባውን ክኒን፣ ክሎሮኪኑን፣ ወስጄ ነበር፣ ግን ጨርሼ አይደለም" አለኝ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ይዟል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው ከግዳጅ ለመሸሽ ታምሜያለሁ እያለ ስለሆነ የምርመራው ውጤት እንዲላክልን፤ ወባ ካልተገኘበት በማግሥቱ ወደ ምድብ ቦታው ይመለሳል። እንደዚያ ሆኖ ቢመለስ መንገድ ላይ እንደሚቀር ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ጋሼ ሌንጂሳ ስላይዱን አነበቡ። ረጅም ጊዜ አነበቡ። ወባዋ የለችም። ሳህኑ ላይ ግን ባቄላው ክምር ሆነ፤ ምስሩ ጥቂት። "ጥቁር ጎርሰዋል" አሉኝ። "ይሄ ልጅ ወባው ውስጡ ነው። ዛሬ ሙሉ ሕክምና ካላገኘ ያልቃል።"

ውጤቱን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ሄዱ። ኃላፊው ከላይ የተመደበ ካድሬ ነው፤ ጮሆ ሲናገር እኛ ክፍል ድረስ ይሰማል። "ጓድ ሌንጂሳ፣ ወባ ታይቷል ወይስ አልታየም?" ይላል። እሳቸው "አልታየም፣ ግን ነጮቹ" ሲሉ ያቋርጣቸዋል። "ቅጹ ላይ ነጮቹ የሚል የለም! ዘመቻ ለሚያደናቅፍ ሰው ሽፋን መስጠት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?" መጨረሻ ላይ "ይሁን፣ ሁለተኛ አንባቢ ያንብበውና ሁለታችሁ ፈርማችሁ ኃላፊነቱን ውሰዱ" አለ።

ሁለተኛ አንባቢ ማለት እኔ ነኝ።

አከራካሪ ስላይድ ሲያጋጥም ደንብ ነበረን። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይወጣል፤ እያንዳንዳችን ያየነውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እናጥፋለን፤ ከዚያ አብረን እንከፍታለን። ጋሼ ሌንጂሳ ያወጡት ደንብ ነው። እሳቸው ወጥተው በሩን ዘጉ፣ እኔ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

አየሁት። ወዲያው ነው ያየሁት። ትልቅ ሞኖሳይት፣ ሆዱ ውስጥ ቡናማ ጥቁር ክምችት፣ ዝቃጭ ቢሆን ከሴሉ ውጪም ይበተን ነበር፤ ውጪው ግን ንጹሕ ነው፤ በዚያው ቀን ጠዋት ቆመው ያጠለሉት ቀለም ነው። ስላይዱን ገፋ አደረግኩ፣ ሌላ አለ። ገፋ አደረግኩ፣ ሌላ። ከግድግዳው ማዶ ኃላፊው በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል። ወንድሜን ከቤት ሊወስዱት የመጡት ሰዎችም እንደዚያ ይስቁ ነበር። ወንድሜ አልተመለሰም። ሌላ ምክንያት ብደረድር ውሸት ይሆንብኛል፤ ፈራሁ፣ በቃ። ወረቀቱ ላይ "ምንም አልታየም" ብዬ ጻፍኩና ማይክሮስኮፑን እንዳለ ትቼ ተነሳሁ።

ጋሼ ሌንጂሳ ገብተው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ፣ አንዴ በማይክሮስኮፑ አዩ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን ከፈትን። የሳቸው "ወባዋ የለችም፤ የበሏት አሉ" ይላል። የኔን አነበቡት። በሁለቱም ዓይናቸው አዩኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"ደግመሽ ታያለሽ?" አሉኝ።

"አይ፣ አይቻለሁ" አልኩ።

"እሺ፣ አሰገደች።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ! ብቻቸውን ፈረሙ። ኃላፊው የአንድ ሰው ፊርማ ዋጋ የለውም ብሎ ወረቀቱን መለሰው። ከዚያ ያደረጉትን በመስኮት አየሁ። ስላይዱን በወረቀት ጠቅልለው የጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ መምህሩን በብብቱ ደገፉት፣ በኩሊዎቹ መሀል ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጡ። እሳቸው የሚያውቁት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ድረስ ወሰዱት። ያን ቀን ሥራ ላይ አልተመለሱም።

በሁለተኛው ቀን የክስ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ በሥራ ሰዓት ያለ ፈቃድ መውጣት፣ የመንግሥት ንብረት የሆነ ስላይድ ይዞ መሄድ። ስላይድ! አንድ ቁራጭ መስታወት! ቅጣቱ ዝውውር ሆነ። ወደ ሰፈራው ጣቢያ፣ ወደ ቆላ። መምህሩ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ መትረፉን በሹክሹክታ ሰማን፤ ከዚያ በላይ አላወቅንም።

በመጨረሻ ቀናቸው ቀለሙን አጠለሉ፣ ጣሳዎቻቸውን መደርደሪያው ላይ ደረደሩ። "የኔም ነጮች ወባን ረስተዋታል፤ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጬ" ብለው ፈገግ አሉ። አንድ ነገር እንድላቸው የጠበቁ መሰለኝ። "በሰላም ይግቡ" አልኩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

ሁለት ዓመት ቆይተው ጡረታ ወጥተው ተመለሱ። መክሳታቸው አይነገርም፤ በግራ ጎናቸው ወባ ያሳበጠው ጣፊያቸው በሸሚዛቸው ያስታውቅ ነበር። ከሰዓት ከሰዓት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት መስኮቱ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው አንዲት ማኪያቶ ይዘው ይውላሉ። እኔ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። ማየት አቃተኝ። መንገዱን ተሻግሬ፣ በማዶው፣ የሱቅ መስኮት እያየሁ አልፍ ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ አለፍኩ። ነገ እገባለሁ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ እሻገራለሁ። አንድ "ጋሼ" የሚል ቃል ከጉሮሮዬ ማውጣት ይሄን ያህል ይከብዳል? ከብዶኝ ነበር። ያ ስልክ እስኪደወል ድረስ።

ቀብራቸው ሰው የማይኖረው መስሎኝ ነበር። አከራያቸው ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ወጥረው፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ሰብስበው ጠበቁን። የእምነት ወገኖቻቸው ስብሰባ እንዳይባልባቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ቀስ ብለው ዘመሩ፤ ያኔ ነው የዚያን የጋሼ ዜማ ቃል የሰማሁት። ከክሊኒኩም መጣን፤ ኃላፊው ሳይቀር። ለቅሶ መቅረት አይቻልም፣ ካድሬም ቢኮን። ከኔ ሦስት ሰው አልፎ ተቀምጧል። ሳጥኑ ፊት ለፊታችን ነበር።

ስለ ሟቹ የሚመሰክር ካለ ተብሎ ሲጠየቅ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ልጅ አቅፎ ተነሳ። እስኪናገር ድረስ አላወቅኩትም ነበር። መምህር ዳዊት ነው።

"እኔ በሳቸው ምክንያት ነው በሕይወት ያለሁት" አለ። "ሆስፒታል ይዘውኝ ሲሄዱ ሐኪሙ ስላይዱን አይቶ ተጠራጠረ። 'ይሄ የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ያየው ሰው አለ?' አላቸው። ጋሼ 'አለች፣ አሰገደች የምትባል ባልደረባዬ አይታዋለች' አሉት። 'ፈርማለች?' አለ። 'አልፈረመችም፤ ግን አይታዋለች። እሷ ተነስታ እኔ ስቀመጥ ማይክሮስኮፑ ልክ ጥቁሩን የጎረሰው ሴል ላይ ቆሞ ነበር። ያላየ ሰው እዚያ ላይ አያቆምም። ከኔ ይልቅ የሷን ዓይን ይመኑ' አሉት። ሐኪሙ አልጋ ሰጠኝ።" ልጁን ወደ ሌላኛው ክንዱ አዛወረ። "አሰገደች እዚህ ካለሽ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት። ጋሼ ባገኘኋቸው ቁጥር 'ሁለት ሆነን ነው ያዳንንህ' ይሉኝ ነበር።"

ኃላፊው ዞሮ አየኝ። አከራይቱም አዩኝ። ተነሳሁ።

"አሰገደች እኔ ነኝ" አልኩ። "አንድ አይደለም ያየሁት። ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱንም ቆጥሬያቸዋለሁ። ጋሼ ደግመሽ ታያለሽ ወይ ብለው ለመኑኝ፣ እኔ ግን ፈርቼ ምንም አልታየም ብዬ ጻፍኩ። ቆላ የወረዱት ብቻቸውን ስላስቀረኋቸው ነው። ከተመለሱ በኋላም እንዳላያቸው መንገድ እየተሻገርኩ ነው ያለፍኩት። አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። አይቼዋለሁ።"

ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ሳጥን ውስጥ ነበሩ።